ትልቅ ጎማና ከባድ ማርሽ
በይፋት ቆላ ለሚሠሩ አነስተኛ የመስክ መኪናዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በድርቅ በተጎዳ አካባቢ የሚከናወን የእርዳታ ሥራ በሁለት ዓይነት ተሽከርካሪዎች የሚመራ ነው። አንደኛው እህል የሚያጓጉዘው ከባድ የጭነት መኪና ነው። ሁለተኛው ደግሞ የችግሩን መጠን የሚያጠናውን ባለሙያ፣ የክትባት መድኃኒቱንና የተረጂዎቹን መዝገብ ይዞ ከዋናው መንገድ ወጥቶ የሚጓዘው አነስተኛ የመስክ መኪና ነው። የመጀመሪያው በዓይን የሚታይ ጭነት ስለሚያነሣ ብዙ ይነገርለታል። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ከቀበሌው ደርሶ ካልተመለሰ፣ የመጀመሪያው ስንት ኩንታል ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ ሊታወቅ አይችልም። በመሆኑም አንዲት ትንሽ መኪና በጭቃ ተይዛ የምታድርበት ሌሊት ለተረጂው ሕዝብ የአንድ ቀን መዘግየት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

መኪናው በተያዘ ቁጥር አስቀድሞ የሚቀርበው ሐሳብ «ትልቅ ጎማ ይገጠምለት» የሚል ነው። ሐሳቡ ፈጽሞ ስሕተት ባይሆንም ግማሽ ሐሳብ ነው። ሞተሩ አነስተኛ በሆነ መኪና ላይ ማርሹን ሳይነኩ ጎማውን ብቻ ማሳደግ፣ መኪናውን ከመሬት ከፍ ያደርገዋል እንጂ የመውጣትና የመውረድ ኃይሉን ይቀንሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማስረዳትና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የስምሪት ክፍሎችና የመስክ ሠራተኞች ለውጡን ከመፍቀዳቸው በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦችን በቅደም ተከተል ማቅረብ ነው።

ሀ. የመሬቱ ጠባይ

የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከደብረ ብርሃን የተነሣ ተጓዥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር በኩል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያም 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ሸዋ ሮቢት ይደርስና በጀውሃና በሰንበቴ በኩል አጣዬ ይገባል። እንግዲህ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ተጓዡ ሲመለስ ይህንኑ ያህል መውጣት ግዴታው ነው።

ይህ አውራ ጎዳና በ1966 ዓ.ም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከተቋቋመበት ዘመን አንሥቶ ወደ ወሎ ለሚሄደው እርዳታ ዋና መተላለፊያ ሆኖ አገልግሏል። ችግሩ የሚጀምረው ከጎዳናው ሲወጡ ነው። በምዕራብ በኩል መሬቱ ወደ መንዝና ወደ ግሼ ደጋ የሚያወጣ ድንጋያማ ዳገት ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የማሽላና የማሾ እርሻ ያለበት ጥቁር ዋልካ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚወርዱ ወንዞች አሸዋማ መሻገሪያዎች ይገኛሉ። ዋልካው በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በበልግና በክረምት ዝናብ ደግሞ ከጎማ ላይ የማይላቀቅ ጭቃ ይሆናል። ደረቅ የነበረ ወንዝም ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ በድንገት ሊሞላ ይችላል።

ስለሆነም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አስፋልት፣ ረጅም ቁልቁለት፣ ኮረት፣ ዋልካና አሸዋ በተከታታይ ይገጥማሉ። ለአንዱ ብቻ ተብሎ የሚደረግ ለውጥ በሌላው ላይ ጉዳት እንዳያስከትል ማሰብ ያስፈልጋል።

ለ. ማርሽና ጎማ እንዴት እንደሚገናኙ

ትንሽ ሞተር በፍጥነት ይሽከረከራል እንጂ ብዙ ጉልበት የለውም። ፍጥነቱን ወደ ጉልበት የሚለውጥለት ማርሽ ነው። በባለ አራት ጎማ ነጂ የመስክ መኪና ላይ ይህ ለውጥ በሦስት ቦታ ይከናወናል፤ እነርሱም፦

1ኛ. ሾፌሩ የሚቀያይረው ካምቢዮ፣
2ኛ. ቀላልና ከባድ ማርሽ ያለው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ተጨማሪ የማርሽ ሳጥን፣ ማለትም ትራንስፈር፣
3ኛ. በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል የሚገኘው ዲፈረንሻል ናቸው።

የሦስቱ ምጣኔ እርስ በርሱ ሲባዛ፣ ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ድረስ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይታወቃል። ቁጥሩ ሲበዛ መኪናው ይዘገያል፤ ጉልበቱ ግን ይጨምራል።

ጎማው የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው። ጎማ ክብ ብረት ማንሻ ነው ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ ከመሐል ዘንጉ እስከ መሬት ያለው ርቀት በረዘመ መጠን፣ ዘንጉ ያንኑ ያህል ቢያዞረውም መሬቱን የሚገፋበት ኃይል ያንሳል። ይህም ማለት ጎማን ማሳደግ ማርሹን በዚያው መጠን ማቅለል ነው። በዳገት ላይ በከባድ ማርሽ መሄድ ሲገባው ሳይፈልግ በቀላል ማርሽ እንደሚሄድ መኪና ይሆናል ማለት ነው።

ሐ. ስሌቱ በቁጥር

ለምሳሌ የምንወስደው በአነስተኛ ሞተራቸው ከሚታወቁት የሱዙኪ የመስክ መኪናዎች አንዱን ነው። ኤስ ጄ 410 የሚባለው 970 ሲ.ሲ. ሞተርና 45 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ተከታዩ ኤስ ጄ 413 የተሠራው በ1,324 ሲ.ሲ. ሞተር ነው። የኤስ ጄ 413 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ 3.652፣ የትራንስፈሩ ከባድ ማርሽ 2.268፣ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 3.727 ነው። ሦስቱ ሲባዙ 30.9 ገደማ ይሆናሉ። (ምጣኔው እንደ ምርት ዘመኑና እንደተላከበት አገር ሊለያይ ስለሚችል፣ ከመኪናው መመሪያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።)

በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር የጎማውን ቁመት ማግኘት ይቻላል። 195/80-15 ማለት የጎማው ስፋት 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 80 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 15 ኢንች ማለት ነው። 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ የጎኑ ከፍታ 156 ሚሊ ሜትር ሁለት ጊዜ ሲደመርበት ጠቅላላ ቁመቱ 693 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚሁ መንገድ፦

— 235/75-15 ጎማ 733 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው 5.8 በመቶ ይበልጣል። መኪናውን ከመሬት 20 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል።
— ባለ 31 ኢንች ጎማ 787 ሚሊ ሜትር ነው። በ13.6 በመቶ ይበልጣል። ከፍታው 47 ሚሊ ሜትር ይጨምራል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጎማው ቁመት ከሚጨምረው ውስጥ ለመኪናው ከፍታ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ መሆኑ ነው። በአንጻሩ የመግፋት ኃይል መቀነሱ ሙሉ በሙሉ ይደርሳል። ባለ 31 ኢንች ጎማ የተገጠመለት መኪና ቀድሞ 100 ኪሎ ይገፋበት በነበረው ማርሽ አሁን የሚገፋው 88 ኪሎ ነው።

በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ ይታከላል። አየር በግፊት የማይሞላለት ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል። 45 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ጣርማ በር ላይ ሲደርስ የሚቀረው 31 ገደማ ነው። ጎማው በወሰደበት ላይ ከፍታው ሲጨምርበት፣ ሾፌሩ ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ለመውጣት ይገደዳል። የፍሪሲዮን ሸራም ባልታሰበ ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መ. ማርሹን ስለ መለወጥ

ጎማው የወሰደውን ጉልበት ለመመለስ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዲፈረንሻሉን መለወጥ ነው። የኤስ ጄ 410 ዲፈረንሻል ምጣኔ 4.111 በመሆኑ፣ በ3.727 ፈንታ ቢገባ ጠቅላላ ምጣኔው ከ30.9 ወደ 34 ከፍ ይላል። ጭማሪው 10 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ለ235/75 ጎማ ከበቂ በላይ ነው፤ ለባለ 31 ኢንች ጎማ ግን አይበቃም።

ሁለተኛው የትራንስፈሩን ማርሾች መለወጥ ነው። የኤስ ጄ 410 ትራንስፈር ከባድ ማርሽ በብዙዎቹ ላይ 2.511 ስለሆነ፣ እርሱ ብቻ ቢገባ ጠቅላላው ምጣኔ 34.2 ይሆናል። ሁለቱም በአንድነት ከተደረጉ ግን ምጣኔው 37.7 ይደርሳል። ይህም የ22 በመቶ ጭማሪ በመሆኑ ለባለ 31 ኢንች ጎማ ከበቂ በላይ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ እየዞረ ሾፌሩ ነዳጅ ሳይሰጥ መኪናው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከእግረኛ ባነሰ ፍጥነት፣ በድንጋይ ላይ ሊሄድ ይችላል። በእንዲህ ያለ ዝግታ ጎማው መሬቱን አይቆፍርም፤ ተሳፋሪውና የተጫነው መድኃኒትም አይናወጥም።

በሥራው ጊዜ የሚከተሉት ነጥቦች ሊዘነጉ አይገባም።

1ኛ. የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎች ምጣኔ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ተለውጦ አራቱም ጎማዎች እንዲነዱ ቢደረግ፣ የፊቱና የኋላው እርስ በርስ ስለሚጓተቱ ትራንስፈሩ ይሰበራል።

2ኛ. የሁለቱ መኪናዎች የጎማ ዘንጎች ጥርስ በአንዱ 22፣ በሌላው 26 ሆኖ ስለሚገኝ፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ጥርሱ ይቆጠር።

3ኛ. የዲፈረንሻል ጥርሶችን ማገናኘት ልክ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የመለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ ከሚሠራ ይልቅ ተገጣጥሞ የተለካ ሙሉ ዲፈረንሻል ማስገባት ይመረጣል።

4ኛ. ትርፍ ጎማውን ጨምሮ አምስቱም ጎማዎች አንድ ልክ ይሁኑ።

ማርሽን ማክበድ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። መደበኛውን ጎማ ይዞ ማርሹ ብቻ ከከበደ፣ በአስፋልት ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይጮኻል፤ ነዳጅም ይጨምራል። ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ለሚሠራ መኪና ይህ ጉዳት ነው። በወረዳው ለሚቆይ መኪና ግን ሊታገሡት የሚገባ ነው።

ከዚህ ጋር በአገራችን የታወቀ አንድ ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። በደርግ ዘመን በብዛት ይታይ የነበረው የሶቪየት ኅብረት ሥሪት ዋዝ 469 በሁለት ዓይነት ይሠራ ነበር። ለጦር ሠራዊት የተሠራው በየጎማው መሐል ተጨማሪ ማርሽ ስለነበረው ከመሬት 300 ሚሊ ሜትር ይርቅ ነበር። ለሲቪል አገልግሎት የተሠራው 469ቢ ግን ከመሬት የሚርቀው 220 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። የሁለቱ ጎማ አንድ ልክ ነው። መሐንዲሶቹ ጎማውን ሳያሳድጉ 80 ሚሊ ሜትር ከፍታ አገኙ፤ ማርሹንም በዚያው ሥራ አከበዱት። ይህም ከፍታና ጉልበት አንድ ላይ መታሰብ እንዳለባቸው በግልጽ ያሳያል።

ሠ. በቁልቁለት ላይ ስለሚያጋጥም አደጋ

ትልቅ ጎማ በዳገት የሚያስከትለው ችግር መዘግየት ነው፤ በቁልቁለት የሚያስከትለው ግን የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ጎማው ከመሐል ዘንጉ በመራቁ ምክንያት ያው ፍሬን በያው የእግር ግፊት የሚያስገኘው የማቆም ኃይል ወደ 88 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ መኪናውን ይዞ የሚያዘገይበት ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሾፌሩ የጎደለውን በፍሬን ለመሙላት ሲሞክር ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ በወረቀት የሚቀር ስሌት አይደለም።

ከዚህም ሌላ፣ የእነዚህ ትንንሽ መኪናዎች የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት 1.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጎማው 47 ሚሊ ሜትር፣ ባሌስትራው ደግሞ ተጨማሪ ቢያነሣቸው በጎን ተዳፋትና በኩርባ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። በጣሪያ ላይ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ ሲጫን አደጋው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ ጎማ የተገጠመለት መኪና ጣሪያው ላይ ከባድ ዕቃ እንዳይጫንበት በስምሪት ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞርና ባሌስትራው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ጎማው ከፓራፋንጎ ወይም ከፍሬን ቱቦ ጋር እንዳይነካካም በቆመበት ይፈተሽ።

ረ. የኪሎ ሜትርና የነዳጅ ሒሳብ

ይህ ነጥብ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን በቀጥታ ይመለከታል። ጎማው 13.6 በመቶ ሲያድግ፣ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲጽፍ መኪናው በእውነት የሄደው 113.6 ኪሎ ሜትር ነው። ፍጥነቱም 60 ሲል 68 ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለዚህ ጉዞ 11.4 ሊትር ይጨርሳል፤ በመዝገቡ ላይ ግን በሊትር 8.8 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ሆኖ ይታያል። በዚህም ምክንያት ሾፌሩ ባልሠራው ጥፋት በነዳጅ ጉድለት ሊጠየቅ ይችላል። የዘይት መለወጫው ጊዜም ሳይታወቅ ያልፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለውጡ ከተደረገበት ቀን አንሥቶ ትክክለኛው ማባዣ በመኪናው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። በሱዙኪዎቹ ቆጣሪው የሚነሣው ከትራንስፈሩ መውጫ በመሆኑ፣ የትራንስፈር ማርሽ ለውጥ ቆጣሪውን አይነካውም፤ የዲፈረንሻል ለውጥ ግን ስሕተቱን ያስተካክለዋል። ባለ 31 ኢንች ጎማና 4.111 ዲፈረንሻል አብረው ቢገቡ የሚቀረው ስሕተት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለውጡ በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜ እንቅፋት እንዳይሆንም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሰ. ያለ ወጪ የሚገኝ ጥቅም

ብዙውን ጊዜ መኪናው የሚያዘው ጎማው ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን አየሩ ስለበዛ ነው። አንድ ጎማ 250 ኪሎ ቢሸከምና የአየሩ ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 1.6 ኪሎ ቢሆን፣ መሬቱን የሚረግጠው በ156 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግፊቱ ወደ 1 ኪሎ ቢወርድ ግን መርገጫው ወደ 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ይህን ያህል ስፋት በግዢ ለማግኘት የሚያስፈልገው ጎማ ከመኪናው ጋር የሚመጣጠን አይሆንም። ስለዚህ ወደ አሸዋማ ወንዝ ከመግባት በፊት አየር መቀነስ፣ በዝግታ መሻገር፣ ከተሻገሩም በኋላ መልሶ መሙላት ልማድ መሆን አለበት። ለዚህም የእጅ ወይም የእግር መንፊያና የግፊት መለኪያ ከመኪናው አይለይ።

በዋልካ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከላይ ጭቃ፣ ከሥር ጠንካራ መሬት ባለበት ስፍራ ጠባብና ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ከጠንካራው ይደርሳል፤ ሰፊ ጎማ ግን በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ተሽከርካሪዎች የገጠማቸው ዝናቡ የረዘመበት ሸክላማ መሬት ነበር። ለይፋት አሸዋ የተዘጋጀ መኪና ለእንዲያ ያለው መሬት እንደማይሆን የታወቀ ነው። በመሆኑም አንድ ዓይነት ጎማ ለሁሉም ጽሕፈት ቤት በጅምላ ማዘዝ አይበጅም።

የመለዋወጫ አቅርቦትም ይታሰብበት። በ2013 ዓ.ም በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት ከተማዋ ክፉኛ ተጎድታ ብዙ ነዋሪዎች እንደተፈናቀሉ ይታወሳል። የእርዳታ ሥራው ይበልጥ በሚያስፈልግበት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሱቁም ጎሚስታውም እንደ ወትሮው አይገኙም። ስለሆነም በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ ወይም በኮምቦልቻ የማይገኝ ልክ ያለው ጎማ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አንድ ቀን መኪናውን ያቆመዋል።

ሸ. የአሠራር ቅደም ተከተል

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

1ኛ. ጭነቱ ይቀነስ፤ የአየር ግፊቱ እንደ መሬቱ ይስተካከል፤ ሾፌሩ ከመያዙ በፊት አራቱንም ጎማዎችና ከባዱን ትራንስፈር እንዲያስገባ ይሠልጥን።
2ኛ. ይህ ካልበቃ፣ ልኩ ሳይለወጥ ለመሬቱ የሚስማማ ጥርስ ያለው ጎማ ይገዛ።
3ኛ. ይህም ካልበቃ ማርሹ ይከበድ።
4ኛ. ትልቅ ጎማ የሚገጠመው ከማርሹ በኋላ ወይም ከማርሹ ጋር ይሁን፤ ፍሬኑም አብሮ ይታደስ።
5ኛ. የቆጣሪው ማባዣና የጭነቱ ገደብ በመዝገብ ይጻፍ፤ መኪናውን የሚረከብ ሁሉ ፈርሞ ይቀበል።

አዲስ መኪና የሚገዛ ጽሕፈት ቤትም ከጎማው ቁመት ይልቅ ይህንኑ ጠቅላላ ምጣኔ ይጠይቅ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ባለ 1.5 ሊትር ሱዙኪ ጂምኒ በእጅ ማርሹ 4.425፣ በትራንስፈሩ 2.002፣ በዲፈረንሻሉ 4.090 ስለሆነ፣ ጠቅላላው 36 ገደማ ይመጣል። ይህም ሌላ ለውጥ ሳይደረግበት ለይፋት ዳገት የሚበቃ ነው።

መልመጃ

1. ባለ 693 ሚሊ ሜትር ጎማ በባለ 733 ተለውጧል። ቆጣሪው ከአጣዬ ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ቢጽፍ፣ መኪናው በእውነት የሄደው ስንት ነው?
2. ሾፌሩ በአሸዋ ወንዝ ውስጥ ሊሻገር ነው። አየር ይቀንስ ወይስ ትልቅ ጎማ ይጠይቅ?
3. የኋላው ዲፈረንሻል ብቻ 4.111 ሆኖ የፊቱ 3.727 የቀረ መኪና ወደ መስክ ሊሠማራ ነው። ኃላፊው ምን ይወስን?

መልስ፦ 1. 254 ኪሎ ሜትር ገደማ። 2. አየር ይቀንስ፤ ከተሻገረም በኋላ ይሙላ። 3. የፊቱ እስኪለወጥ ድረስ አራቱን ጎማ በሚያስነዳ መንገድ አይሠማራ።